«ባለቤቴ ጋራዣችን ውስጥ አውሮፕላን እየሠራ ነው፤ ላስቆመው ወይስ ዝም ልበል?»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ሁልጊዜ አነባለሁ። የኔ ጉዳይ ለሰው ሲነገር ቀልድ ስለሚመስል እስካሁን ለማንም በደንብ አላወራሁትም።

የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ፣ ባለቤቴ ከአባቱ በወረሰው ቤት ነው። ከተጋባን 17 ዓመት ሆነን። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ አለችን። ባለቤቴ ባትላሜራ ነው፤ የተገጨ መኪና አዲስ የሚያስመስል፣ በሙያው የተመሰገነ ሰው። ከአራት ዓመት በፊት የትንሽ አውሮፕላን ፕላን ከውጭ አስመጣ። ሁለት ሰው ይይዛል፤ ሲኤች 701 ይሉታል። «እስቲ ጭራውን ብቻ ልሞክረው» አለ። እኔም ይበርድለታል ብዬ ዝም አልኩ። አልበረደለትም። ጭራው አለቀ፣ አንዱ ክንፍ አለቀ፣ ሁለተኛው ክንፍ አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው። መኪናችን ውጭ ማደር ከጀመረች ቆየች።

ማታ ከሥራ ሲመጣ እራቱን ጎረስ ጎረስ አድርጎ ጋራዥ ይገባል። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ጎረቤት ይነጫነጫል። የቀለሙ ሽታ ወጥ ቤት ድረስ ይመጣል። ባለፈው ሰኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት የደከመበትን የክንፍ ላሜራ «ቀዳዳዎቹ ለጠርዙ ቀርበዋል» ብሎ ነቅሎ ጣለው። ስንት ብር እንደወጣበት አውቃለሁ። ይሄ ጤና ነው?

አሁን ሞተር ላይ ደርሷል። ከተገጨ ሱዙኪ የወጣ ሞተር በርካሽ አግኝቷል። ሻጩ «ቶሎ ካልወሰድክ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሎታል። በጥር የሚደርሰንን ዕቁብ ለሱ እናውለው ይለኛል። እኔ ያንን ዕቁብ የምጥለው ለልጃችን ትምህርት ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጭቅጭቅ ብቻ ሆኗል።

ከሁሉም የባሰው ግን ይሄ ነው። ልጃችን ከአባቷ ጋር ጋራዥ እየገባች ታግዘዋለች። ግድግዳው ላይ «ፀሐይ» የምትባለውን፣ ድሮ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራችውን አውሮፕላን ፎቶ ለጥፈዋል። አንድ ቀን ሲያወሩ ሰማሁ፤ «መጀመሪያ የማሳፍረው አንቺን ነው» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ለሱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። የምጨቀጭቀው ስለ ድምፁና ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው። ደስታውን ልቀማው አልፈልግም። ባሌንና ልጄን መቅበርም አልፈልግም። ላስቆመው ወይስ ዝም ልበል?

ሰ. ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

ውድ እህቴ፣

እንቅልፍ ያሳጣሽን ነገር ለባልሽ አልነገርሽውም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው የቆምኩት እዚህ ላይ ነው። እሱ የሚያውቀው ድምፅ እንደሚረብሽሽና ገንዘብ እንደሚያሳስብሽ ብቻ ነው። ስለዚህ መልስ ሲፈልግ የከረመው ለነገርሽው ነገር ነው። ገንዘቡ በዛ ስትይው ርካሽ ሞተር አገኘ። ምናልባትም «አሁንስ ደስ ይላታል» ብሎ ይሆናል። አንቺ የፈራሽው ግን ሕይወቱን ነው፤ ለሕይወቱ ደግሞ በጥድፊያ የተገዛ ርካሽ ሞተር የባሰ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖራችሁ የምታወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ሆኗል።

ይህን የምልሽ ጥፋተኛ ነሽ ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከአፍ ለማውጣት ይከብዳል፤ ሟርት ይመስላል። «ትሞትብኛለህ ብዬ እፈራለሁ» ብትይው «ክፉ አታናግሪኝ» የሚልሽ ይመስልሻል። ስለዚህ ስለ ኮምፕረሰሩ ማውራት ቀለለሽ። ይገባኛል።

«ይሄ ጤና ነው?» ላልሽው፣ አዎ፣ ጤና ነው። ባልሽ የያዘው ፕላን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ክሪስ ሃይንትዝ የሚባል መሐንዲስ የነደፈው፣ በፈረንጆቹ 1986 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ አውሮፕላን ነው። ከመነሻውም የታሰበው ሰው በቤቱ፣ በቀላል መሣሪያ፣ ከአልሙኒየም ላሜራ እንዲሠራው ተብሎ ነው። ቫንስ የሚባለው ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጣቸው፣ ሰዎች ራሳቸው የሚገጣጥሟቸው የብረት አውሮፕላኖች ከ11 ሺህ በላይ ሆነው በረዋል። አብዛኞቹ የተጀመሩት እንደናንተው መኪና ውጭ እንዲያድር ተፈርዶበት፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። እኛም አገር አስመላሽ ዘፈሩ የቮልስዋገን ሞተር የገጠመላትን ትንሽ አውሮፕላን በራሱ እጅ ሠርቶ ወሬው ዓለምን አዳርሷል። ባልሽ ብቻውን አይደለም። ጎረቤት የሚለውን ለጎረቤት ተይለት።

ፍርሃትሽ መሠረት የለውም ግን አልልሽም። በቤት የተሠሩ አውሮፕላኖች ፋብሪካ ከሠራቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ይልቅ አደጋ ይበዛባቸዋል። አደጋው ደግሞ የሚበዛው የመጀመሪያዎቹ በረራዎች ላይ ነው። ሰው የሚያስበው ክንፉ ተገንጥሎ ሲወድቅ ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው፤ ሞተሩ አየር ላይ ጉልበት ያጣል፣ ወይም አብራሪው አውሮፕላኑን መቆጣጠር ያቅተዋል። ይህን የምነግርሽ ፍርሃትሽ ትክክለኛ ቦታውን እንዲይዝ ነው። ጋራዡን በሙሉ መፍራት የለብሽም። የሚፈሩት ሞተሩ፣ አብራሪውና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው።

አሁን ወደዚያ ወደተጣለው ላሜራ ልመለስ። አንቺ የባሰ ነገር አድርገሽ ነው የጻፍሽልኝ። እኔ ግን ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን ያሳረፈው እሱ ነው።

የሪቬት፣ ማለትም ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዘው ሚስማር፣ ቀዳዳ መሐሉ ከላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የሪቬቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት። ሪቬቱ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ 8 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ከቀረበ፣ ላሜራው በንዝረት ብዛት ከቀዳዳው ተነስቶ ወደ ጠርዙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያንን የሚያይ ሰው አልነበረም። ቀለም ከተቀባ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ማንም አያየውም። ባልሽ ባትላሜራ ነው፤ የተጎዳን ብረት በስቱኮ ሞልቶ፣ ፈግፍጎ፣ ቀለም አልብሶ ምንም እንዳልነካው ማስመሰል እንጀራው ነው። መደበቅ ከማንም በላይ ይችልበታል። ሁለት ሳምንት የለፋበትን አልደበቀም፤ ነቅሎ ጣለው። አውሮፕላን በሚሠራ ሰው ላይ ከዚህ የተሻለ ምልክት ማየት ይከብዳል። እባክሽ ይህን ንገሪው። አራት ዓመት ሙሉ ከአንቺ አንድ የሙያ ምስጋና የሰማ አይመስለኝም፤ ይህቺን ቢሰማ ቀሪውን ለመስማት ጆሮው ይከፈታል።

ያ ጥንቃቄ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ላላ። እኔንም ያሳሰበኝ ይሄ ነው። በ8 ሚሊ ሜትር የማይደራደር ሰው ሻጭ ስላጣደፈው ሞተር ሊገዛ ነው።

የመኪና ሞተር ገጥመው የሚበሩ ሰዎች አሉ፤ ሱዙኪም ጭምር። የማይሆን ነገር አይደለም። ግን የመኪና ሞተር መንገድ ላይ ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው አልፎ አልፎ ነው። አውሮፕላን ላይ ሲነሳም ከፍ ሲልም ያለ የሌለ ጉልበቱን ይጠየቃል። ፕሮፔለር፣ አውሮፕላኑን የሚስበው ተሽከርካሪ ምላጭ፣ የመኪና ሞተርን ፈጣን ዙር አይችልም፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ ዙር መቀነሻ ማርሽ ይገባል። ማቀዝቀዣው፣ የነዳጁ አመጣጥ፣ ካንዴላው ሁሉ እንደ አዲስ ይታሰባል። አንዱ ሲበላሽ መኪና ዳር ይይዛል፤ አየር ላይ ዳር የለም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ገደማ ያጣል። 100 የፈረስ ጉልበት የተባለው 75 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ቀጭኑ አየር ክንፉንም ፕሮፔለሩንም ያደክማል፤ ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ያስፈልጋል። ታች ቆላ ላይ የሚበቃ ሞተር እዚህ ላይበቃ ይችላል። ከተገጨ መኪና የወጣ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ግጭቱ ሞተሩን ምን አድርጎት እንደሆነ ሳይፈታ በዓይን አይታይም።

ግድግዳችሁ ላይ ስላለችው «ፀሐይ» አንድ ነገር አንሺለት። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ስትሠራ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር የገጠመላት ሞተር 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ነበር። ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራ ሞተር ነው። ጋራዡ ውስጥ በየቀኑ የሚያያት አውሮፕላን ሞተሯ ላይ ቀልድ እንዳልነበረ ሳያውቅ አይቀርም።

ስለዚህ በዕቁቡ ጉዳይ አቋምሽን ያዢ። ምክንያቱን ግን ቀይሪው። «ገንዘብ የለንም» ማለቱን ተይውና «በዚህ ሞተር ላይ አልስማማም፤ በትክክለኛው ሞተር ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን» በይው። አዲስ የአውሮፕላን ሞተር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በጥር አይገዛም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ላይገዛ ይችላል። ዕቁቡ ለልጃችሁ ትምህርት ይሁን። ለጋራዡ በየወሩ የማትነኪበት፣ እሱም የማያልፈው መጠነኛ ገንዘብ ወስኑለት። ሁለተኛው ክንፍ ገና ነው፣ የመሐል አካሉም ይቀራል። ያለ ሞተር የሚሠራው ሥራ ሞልቷል።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ባልሽ መብረር ተምሯል? ፈቃድ አለው? መሥራትና ማብረር የተለያየ ሙያ ነው። ጎበዝ ሠሪ ሁሉ አብራሪ አይደለም። ካልተማረ ያንን አውሮፕላን መጀመሪያ የሚያነሳው እሱ መሆን የለበትም። ቢማርም እንኳ የመጀመሪያውን በረራ ልምድ ላለው የሙከራ አብራሪ መስጠት ነውር አይደለም።

ልጃችሁን በተመለከተ «እስቲ አስቡበት» ብዬ አላልፈውም። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እሷ አትሆንም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ፣ ይህ ሥራ እንደ ባህል በተያዘበት አገር፣ በቤት የተሠራ አውሮፕላን በመጀመሪያ ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት ያህል ለሙከራ ይበራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተሳፋሪ ይዞ መብረር አይፈቀድም። ባልሽ ያንን ቃል ለልጁ የሰጣት በፍቅር ነው፤ ጨክኖ አይደለም። ቃሉን ማሻሻል ያለበት ግን ራሱ ነው፣ ለሷም መንገር ያለበት እሱ ነው። አንቺ ከነገርሻት ሕልሟን የነጠቅሻት እናት ትሆኛለሽ። እሱ «ሙከራው ሁሉ አልቆ፣ እናትሽም እሺ ስትል» ቢላት ግን ከአባቷ ጥንቃቄ ትማራለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ ለልብሽ ስጪው። ማታ ማታ እነሱ ጋራዥ ውስጥ ሲስቁ አንቺ ወጥ ቤት ብቻሽን ስትቀሪ ምን ይሰማሻል? ከፍርሃቱ በታች «እኔስ የት ነኝ?» የሚል ነገር የለም? ካለ አትፈሪው። ባልሽና ልጅሽ አንቺ የሌለሽበት ዓለም ሠርተዋል። ሆን ብለው አይመስለኝም፤ በሩ ላይ የምትደርሺው ልትቆጪ ስትመጪ ብቻ ስለሆነ ነው።

እና ደግሞ ይሄን አስቢው። ዛሬ «አቁም» ብትይውና እሺ ቢልሽ፣ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ሸራ የለበሰ ግማሽ ክንፍና አኩርፎ የሚያመሽ ባል ይዘሽ ትቀመጫለሽ። ዝም ብትይ ደግሞ እንቅልፍሽ አይመለስም። ሁለቱንም አልመክርሽም።

እኔ የምመክርሽ ይኼ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሥራ መሐል ሳይሆን መሣሪያውን ሲሰበስብ ጋራዥ ግቢ። ወንበር ስቢና ተቀመጪ። «ያንን ላሜራ ለምን ነቀልከው? እስቲ አሳየኝ» በይው። ያሳይሽ። ላስረዳሽ ሲል አታቋርጪው። ከዚያ የዋናውን ነገር በአጭሩ ተናገሪ። ለምሳሌ፦ «የእጅህን ሥራ አልፈራም፤ አሁን አየሁት። የምፈራው የምትነሳበትን ቀን ነው። አንተንም እሷንም እንዳላጣ ብዬ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።» ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ቢቆጣም፣ ቢስቅም፣ «ሟርተኛ» ቢልሽም ዝም ብለሽ ጠብቂው። አንዳንድ ወንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ መልሱ የሚመጣለት በሦስተኛው ቀን ነው።

ከዚያ አንድ ስምምነት ጠይቂው። መሥራቱን አትቃወሚም። መብረሩ ግን የሁለታችሁ ውሳኔ ይሁን። ባልሽ መሥራትን ይወዳል፤ ማብረር የሚለው ምናልባት ገና በደንብ ያላሰበበት ነገር ነው። ብዙ ሠሪዎች አሉ፣ ዓመታት ሠርተው ከመብረሩ ይልቅ መሥራቱ ያስደሰታቸው። እሱ ከየትኛው ነው? ጠይቂው። ላይመልስልሽ ይችላል፤ ጥያቄው ግን አብሮት ይከርማል።

ሞተር ከመገዛቱ በፊት አብራችሁ ወደ ኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሂዱ። አብራችሁ ማለቴን ልብ በይ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ፦ በቤት የተሠራ አውሮፕላን እንዴት ይመዘገባል? ማን ይመረምረዋል? የትስ ይሞከራል? መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በቅርብ ርቀት ባለበት፣ ቤት በቤት በሆነ ከተማ ላይ የሙከራ በረራ የሚታሰብ አይደለም። ስለ ቦታ ማሰብ ያለባችሁ ከአሁኑ ነው። የተሠራበትን እያንዳንዱን ደረጃ በፎቶና በደብተር ይያዝ፤ እስካሁን ካልያዘ ዛሬ ይጀምር። ልጃችሁ ይህን ሥራ ብትረከበው ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ክንፍ ሳይዘጋ አንድ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ጠርታችሁ አሳዩት። ላሜራው ከለበሰ በኋላ ውስጡ አይታይም፤ ጊዜው አሁን ነው። በዚህ ከተማ በአውሮፕላን ብረት ሥራ ዕድሜውን የፈጀ ጡረተኛ አይጠፋም። ምሳ ጋብዙት። ላሜራው ከየት እንደተገዛም ይጠይቅ። ፕላኑ የሚያዘው 6061-ቲ6 የሚባለውን አልሙኒየም ነው። መርካቶ ለመስኮትና ለበር የሚሸጠው አልሙኒየም በዓይን ሲታይ ያው ነው፤ ጥንካሬው ግን አንድ አይደለም። ባልሽ ከዚያ ቀላቅሎ እንደሆነ በግልጽ ይናገር። ላሜራ ነቅሎ የጣለ ሰው ይህንንም አይደብቅም ብዬ አምናለሁ።

ትንንሾቹን ነገሮች ቶሎ ቶሎ ልበል። የፀረ ዝገት ቀለሙ ክሮሜት የሚባል ኬሚካል ያለበት ከሆነ ለካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ ነው፤ ወደ ወጥ ቤት የሚከፈተው በር ተዘግቶ፣ የውጩ ተከፍቶ፣ ማስክ ተደርጎ ይቀባ። ሲቀባ ልጅሽ ውስጥ አትሁን። ድሪል ሲያዝ መነጽር፣ ኮምፕረሰር ሲነሳ የጆሮ መከላከያ ታድርግ፤ እሱም ያድርግ። ኮምፕረሰሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይነሳ፣ እሑድ ጠዋትም እንደዚሁ። ለጎረቤት ሰዓቱን ራሱ ሄዶ ይንገር። አንድ ነገር ደግሞ፦ የግቢያችሁን በር በሜትር ለኩት። የዚህ አውሮፕላን ሁለቱ ክንፎች ተገጥመው ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማሉ። ተፈታቶ በናንተ በር፣ በናንተ ቅያስ ይወጣል? ይህን አንቺ ብትጠይቂው ደስ የሚለው ይመስለኛል፤ ስለ ሥራው እንደምታስቢ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሞተሩን እገዛለሁ፣ ራሴ አበረዋለሁ፣ ማንም አያገባውም» ካለሽ ነገሩ ስለ አውሮፕላን መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው። ያኔ ብቻሽን አትሟገቺ። የሚያከብረውን ሰው፣ የንስሐ አባታችሁን ወይም ታላቅ ወንድሙን አስገቢ። ዕቁቡ በስምሽ ከሆነም ለዚያ ሞተር አትስጪ። ልጅሽን ደግሞ እዚያ አውሮፕላን ላይ ላለማሳፈር የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። እኔ ግን እዚያ ትደርሳላችሁ ብዬ አልገምትም። ቅዳሜ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፤ የጥገና ባለሙያውንም ሳታገኙ ጥር እንዳይደርስባችሁ።